በሣር ላይ የተመረቀው ክላርኔት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋቢ አለበሱኝና የምስጋና ንግግር ተደረገ። ተናጋሪው አዲስ መጥቶ ስለነበር ምን ስሠራ እንደኖርኩ በደንብ አላወቀም፤ «በንብረት ክፍል ለረጅም ዘመን ያገለገሉ» ብሎ አለፈው። አልተቀየምኩም። ደመወዜ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ደመወዝ ነበር፣ የጡረታ ወረቀቴም የሚለው ያንኑ ነው። ዳሩ ግን በእነዚያ ዓመታት አርባ ምንጭ ውስጥ የተሸጠም ሆነ ለትምህርት ቤት የተሰጠ የትንፋሽ መሣሪያ በእጄ ሳያልፍ አልቀረም። ይህ ክላርኔት ለተማሪ ይሆናል፣ ይህ ትራምፔት ለመዳብነቱ ካልሆነ ዋጋ የለውም የምል ሰው እኔ ነበርኩ። እኔ ራሴ አንድም ዜማ ነፍቼ አላውቅም። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ወጥ መሥራት የማይችል ሰው ጨው ማነሱን አያውቅም ወይ?

ሥራ የጀመርኩት ሳውላ ነው፤ ጸሐፊ ሆኜ፣ ከወባና ከጭቃ ጋር እየታገልኩ። ከዚያ ወደ አርባ ምንጭ ተዛወርኩና የባህል ነገር የሚመለከተው ክፍል ዕቃ ግምጃ ቤት ተሰጠኝ። በግምጃ ቤቱ የነበረው ከበሮ፣ ክራር፣ የኪነት ቡድን ልብስና አይጥ ነው። አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ ክላርኔትን ግን ተዛውሮ እስኪሄድ ድረስ «ያ ጥቁሩ ዋሽንት» እያለ ኖረ።

መንግሥት ተለውጦ ጦሩ ሲበተን የጦሩ ሙዚቃም አብሮ ተበተነ። ወታደሩ መንገዱ ላይ ለእንጀራ የሚሆነውን ሁሉ ሸጦ ነው ያለፈው። አንድ ቀን ወደ አርባ ምንጭ ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ገበያ ስወርድ ትሮምቦን ከባልዲና ከድስት ጋር ተንጠልጥሎ አየሁ። ሻጩ ሐጂ ኑሪ የሚባሉ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነበሩ፤ ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ እኔ የማውቀው ድስት ነው፤ ይህን የገዛሁት ሰውየው ስላሳዘነኝ ነው» አሉኝ። ጥቂት ቆይቶ ትምህርት ቤቶች የማርሽ ባንድ ለማቋቋም ተነሡ፣ መሣሪያ የሚገኘውም ከእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ነበር። ከመግዛታቸው በፊት የሚያይላቸው ሰው ከእኛ ቢሮ ሲጠይቁ አለቃዬ ወደ እኔ ጠቆመ። ግምጃ ቤቱ የእኔ ነዋ።

ሃምሳ አለቃ ደምሴን ያገኘኋቸው ያን ጊዜ ነው። ወጣትነታቸውን በጦር ሠራዊት ባንድ ክላርኔት ሲነፉ ያሳለፉ፣ ጦሩ ሲበተን አገራቸው ሳይገቡ አርባ ምንጭ የቀሩ፣ ቀጭንና ቁጡ ሰው ነበሩ። ሲቀላ መናኸሪያው አጠገብ ቡታጋዝ ምድጃ ይጠግናሉ። ቁልፉ የወለቀ ክላርኔት ይበየድልኝ ብዬ ወሰድኩላቸው፤ ከእጄ ነጥቀው «ይህን ነገር በእግሩ ነው የምትይዘው፣ እንደ ዶሮ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ደምሴ እያልኩ ተከተልኳቸው።

ሕጋቸው አንድ ነበረች። «መጀመሪያ አታስነፋው» ይላሉ። «ድምፁን የሰማህ እንደሆነ ትወደዋለህ። የወደደ ሰው ደግሞ አይመዝንም።» ስለዚህ መሣሪያውን ዲዳ አድርገው ነው የሚመረምሩት። ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ ያሸቱታል፤ የሻገተ ሽታ ካለው ውስጡ ያለው ፓድ፣ ማለት ቀዳዳውን የሚደፍነው ለስላሳ ክብ፣ በስብሷል። ቀጥሎ ጆሯቸው አጠገብ ይነቀንቁታል፤ የላላ ቁልፍ ያቃጭላል። ቁርጥራጮቹን ይለያዩና ወደ በሩ ብርሃን አዙረው በውስጡ ያያሉ። መጋጠሚያው ላይ ያለው ቡሽ የደረቀ እንደሆነ በጥፍራቸው ይጫኑታል። የሲጋራ ወረቀት በቀጭኑ ቀደው ከፓዱ ሥር ያስገቡና ቁልፉን ዘግተው ይስቡታል፤ ወረቀቱ እየተንገራገጨ ከወጣ ፓዱ ጥሩ ነው፣ በዝምታ ከወጣ አየር ያስወጣል። በመጨረሻ ጢሱ ይመጣል። እኔ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በጣቶቼ እደፍናለሁ፣ እሳቸው የታችኛውን አፍ በመዳፋቸው ይዘጉና የሲጋራ ጢስ ወደ ውስጥ ይሰዳሉ። ጢሱ ሾልኮ የወጣበት ቦታ በሽታው ያለበት ቦታ ነው።

የሻጭ ተንኮልም አስተምረውኛል። የእንጨት ክላርኔት ሲሰነጠቅ ስንጥቁን በሻማ ይሞሉትና ጥቁር የጫማ ቀለም ያሹበታል፤ ለዓይን አዲስ ይመስላል። ጋሽ ደምሴ ናፍጣ የነካ ጨርቅ ይዘው አንዴ ሲያብሱት ጉዱ ይወጣል። ትራምፔት ከሆነ ደግሞ ከዓይናቸው ይልቅ ጣታቸውን ያምናሉ፤ ቱቦውን ዓይናቸውን ጨፍነው ይዳብሱና የተጎዳውንና የተበየደውን ይነግሩኛል።

ስንት ያወጣል ሲባሉ መልሳቸው «ለማን?» የሚል ነበር። መጀመሪያ ላይ ንግግር የሚያሳምሩ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ግን ሥራው ሁሉ ያ እንደሆነ ገባኝ። ከጥቁር ጠንካራ እንጨት የተሠራ ክላርኔት በአዋቂ እጅ ብዙ ያወጣል። ለጀማሪ ተማሪ፣ በተለይም ለደጋ ተማሪ፣ ድምፁ የደረቀው የፕላስቲክ ክላርኔት ይበልጣል፤ ይወድቃል፣ ይረጥባል፣ ይበርደዋል፣ ምንም አይሆንም። እንጨት ግን ውጪው ቀዝቅዞ ሳለ ሙቅ ትንፋሽ በውስጡ ሲገባ ውስጡ ያብጣል፣ ውጪው አይከተለውም። ያኔ ይሰነጠቃል። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው።

ከጨንቻ ወጣ ያለች አንዲት ቀበሌ ትምህርት ቤት መሣሪያ ፈለገች። የወላጆቹ ሰብሳቢ አቶ ኦይቻ የሚባሉ ሸማኔ ነበሩ፤ ረጋ ያሉ፣ ሲናገሩ ወደ መሬት የሚያዩ ሰው። ሸማኔዎቹ ተስማምተው እያንዳንዱ ቤት ቡልኮ ወይም ጋቢ ሠርቶ ሰጠ፣ ያንን በአህያ ጭነው ሲቀላ ወረዱ። ሐጂ ኑሪ በቡልኮው ምትክ መሣሪያ ሊሰጡ ተስማሙ። ለክላርኔት ምርጫው ሁለት ነበር፤ ወይ ከአንድ የተዘጋ ትምህርት ቤት የተረፉ ሁለት የፕላስቲክ ክላርኔቶች፣ ወይም ከጦሩ የመጡ ሁለት የእንጨት።

ጋሽ ደምሴ የእንጨቱን ሳጥን ከፈቱ። አላሸተቱትም። አንዱን አወጡና የአውራ ጣት ማሳረፊያው ሥር አገላብጠው አዩ። እዚያ በስለት የተጫረች ትንሽ መስቀል ነበረች። ለካ የእሳቸው ባንድ መሣሪያ ኖሯል፤ መስቀሏን የጫረው አብሯቸው ሲነፋ ኖሮ ጦር ሜዳ የቀረ ጓደኛቸው ነው። ይህን የነገሩኝ በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት፣ ሪዷን፣ ያቺን የሸምበቆ ምላስ፣ በምራቃቸው አርጥበው ሲገጥሙ ነው። ነፉ። ድስት የሚመርጡት ገዢዎች ዞሩ። ሐጂ ኑሪ ሳይቀሩ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። ጋሽ ደምሴን ሲነፉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አቶ ኦይቻ ሁለቱን ዓይነት ተራ በተራ በአውራ ጣታቸው አሹ፣ ልክ ክር እንደሚፈትሹ። ከዚያ የፕላስቲኩን ወደ ጎን አስቀምጠው ፈረዱ።

«ይሄ ናይለን ነው። ያ ጥጥ ነው» አሉ።

ለጨንቻ ብርድ እንጨት እንዴት ይሆናል ስል ጋሽ ደምሴን በጆሯቸው ጠየቅኳቸው። ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነበር። ቀስ ብለው ያለማምዱታል አሉ፤ አብሮ ለወረደው የትምህርት ቤቱ መምህርም አጥብቀው አስረዱት፤ ከመንፋት በፊት በብብት ይሞቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ብቻ ይነፋ። መምህሩ እሺ አለ፣ በእውነትም ሊያደርገው አስቦ የነበረ ይመስለኛል። ግን መሣሪያው የመምህሩ ብቻ አልነበረም።

መሣሪያዎቹ በሽማግሌ በሚመረቁበት ቀን ጠዋት በጭነት መኪና ወጣን። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ዘገየን፤ ስንደርስ ሰዉ ተሰብስቧል። ከትምህርት ቤቱ ጎን ዱቡሻ አለ፤ ጋሞዎች ሽማግሌ ተቀምጦ የሚዳኝበትንና የሚመርቅበትን ሜዳ ዱቡሻ ይሉታል። ጉሙ ሰውን ከሰው አያስተያይም፣ ትንፋሽ ይጨሳል። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። በፊታቸው እርጥብ ለምለም ሣር ተጎዝጉዟል፤ በሣሩ ላይ ከበሮው፣ ትራምፔቱና ሁለቱ ክላርኔቶች ተገጣጥመው ተጋድመዋል። የሚመረቅ ነገር በሳጥን አይሸፈንም፤ ክብሩ ሣር ላይ መዋሉ ነው። ከንጋት ጀምሮ እንደዚያ ኖረዋል።

ጋሽ ደምሴ ሲያዩ ክንዴን ጨብጠው አንሣልኝ አሉኝ። እናቴ የኦቾሎ ጋሞ ናት፤ ሽማግሌ ሲመርቅ በመሃል እንደማይታለፍ አውቃለሁ። አይቻልም አልኳቸው። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ ለዝናቡ፣ ለእንሰቱ፣ ለከብቱ፣ ለልጆቹ፣ ቡልኮ ለሠሩት እጆች። ሰዉ በየመሃሉ ይቀበላል። ለሌላ ሰው የሚያምር ነገር ነበር። ጋሽ ደምሴ ግን ቃሉን ስለማያውቁት ዓይናቸውን ከክላርኔቶቹ ሳይነቅሉ ቆሙ።

እንዳበቃ ወደ መምህሩ ሮጡ፣ መጀመሪያ ይሙቅ አሉት። መምህሩ ሽማግሌዎቹ ቆመው እየጠበቁ እንዴት ብሎ ተጨነቀ። ይህን ሲባባሉ የመጀመሪያዋ ተማሪ መስቀል ያለበትን ክላርኔት አንሥታ ነበር። አስቴር ትባላለች፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። ለክላርኔት የመረጣት መምህሩ ነው፤ ከልጆቹ ሁሉ ትንፋሿ ረጅም ነበር። የሸክላ ሠሪ ልጅ በዚያ ሣር ላይ መቆሟ አንዳንዱን ሰው ቅር እንዳሰኘው ግን ስንገባ ከፊታቸው አንብቤያለሁ። በዚያ አገር የሸክላ ሠሪ ወገን ድሮ ወደ ዱቡሻ አይቀርብም ነበር።

ነፋች። ድምፁ ጥሩ ወጣ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ፣ የክላርኔቱም ድምፅ ሻከረና ጠፋ። ስንጥቁ ከላይኛው ቁልፍ ሥር ተነሥቶ ሁለት ቀዳዳ አቋርጦ ወርዷል። ልጅቱ እጇ ላይ ያለውን ነገር አየችው፣ ሰዉን አየችው፣ ሣሩ ላይ ጥላው ሮጠች። እናቷ ተከተለቻት።

በጋሞ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። የተከለከለን ድንበር ያለፈ ሰው ጥፋቱ በእህል፣ በከብት፣ በልጅ ይወጣል ይባላል። ገና እንደተመረቀ በተሰነጠቀ ዕቃ ላይ ማን ምን እንደሚል ለመገመት አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ከኋላዬ ቃሉ ሲንሾካሾክ ሰማሁ፣ ከቃሉም ጋር የልጅቱን አባት ስም። አንድ ቤተሰብ ከውሃ ምንጭና ከገበያ የሚገለልበት ነገር ነው። ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው።

ወደ መሃል ገቡ። ክላርኔቱን ለማንሣት ተንበረከኩ፣ ከሣሩ ጋር አፍሰው በሁለት እጃቸው ያዙት። እንደተንበረከኩ ቀና ብለው «ተርጉምልኝ» አሉኝ።

«ጥፋቱ የልጅቱ አይደለም፣ የእኔ ነው። ለዚህ አገር ብርድ የማይሆን ዕቃ መርጬ የሰጠሁ እኔ ነኝ። ይህን ሥራ ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ፣ የዚያን ቀን ግን አልመዘንኩም።»

ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከመካከላቸው አንዱ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አቶ ኦይቻ ወደፊት መጥተው ጋሽ ደምሴን በክንዳቸው ደግፈው አስነሷቸውና በአማርኛ ተናገሩ።

«ትልቅ ሰው ነዎት። ሣር ይዘው ለሰው ልጅ ተንበረከኩ። እኛም እምቢ አንልም፤ ለእርስዎ ስንል ልጅቱን ምረናል።»

ያኔ ነው ምን እንደሆነ የገባኝ። በጋሞ ሣር ይዞ መንበርከክ ምልጃ ነው። የተጣላ ሰው ሊጋደል ሲል ሽማግሌ ሣር ይዞ በመሃል ከተንበረከከ ጦር ይወርዳል። ጋሽ ደምሴ ደግሞ የሰው ጥፋት በራሳቸው ላይ ወስደው የሚማልዱ ሽማግሌ መስለው ታዩ። አይደለም፣ ሰውየው የሚሉት እውነቱን ነው፣ ዕቃው በብርድ ነው የተሰነጠቀው ብዬ በጋሞኛ አስረዳሁ። ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉልኝ። አማላጅ ሁልጊዜ እንደዚያ ይላል አሉኝ። ጉዳዩም ተዘጋ፣ ሰዉ ወደ ድግሱ ሄደ።

ስንወርድ በመኪናው ጋቢና ውስጥ ትርጉሙን ነገርኳቸው። «እውነቱን ተናግሬ ውሸት አደረግኩት» አሉ።

በሳምንቱ መምህሩ ወርዶ ሁለተኛው ክላርኔትም እንደተሰነጠቀ ነገረኝ። የሚነፋው የአቶ ኦይቻ ልጅ ነበር። ሰዉ ምን አለ ብዬ ስጠይቀው «ብርድ ነው አሉ» አለኝ። ስለ ጎሜ ማንም አላነሣም። ስለ አስቴር ስጠይቀው ደግሞ ትምህርት ቤት መምጣት እንዳቆመች ነገረኝ፤ ሊያመጣት ቤቷ ሄዶ ነበር፣ እናቷ እሺ ትላለች፣ ልጅቱ ግን አትመጣም። በዚያ አገር ልጅ ትምህርት የሚተውበት ምክንያት ስለማይጠፋ እኔም ነገሩን በዚያው ተውኩት።

ጋሽ ደምሴ ከዚያ ወዲያ መሣሪያ አልመረመሩም። ማንም የከለከላቸው የለም፣ እንዲያውም ከደጋው ሰው እየመጣ «ያን የተንበረከኩትን አባት» እያለ ይፈልጋቸው ነበር። ያ ይብስ ያሳምማቸው ነበር። አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ትራምፔት ይዞ ሲመጣ ወደ እኔ ላኩት፤ «እሱ አይወድም፣ ስለዚህ አይሳሳትም» ብለው። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ብቻ ሥራው በእኔ ላይ ቀረ፣ በወረቀቱም በጢሱም እየፈተሽኩ ኖርኩ፤ ለደጋ እንጨት አልሰጠሁም። እሳቸው ምድጃቸውን ሲጠግኑ ቆይተው ወባ ሲደጋግማቸው ደከሙና ሞቱ። ያን ቀን ይዘውት የወረዱትን ባለ መስቀሉን ክላርኔት ለእኔ ተዉልኝ። ስንጥቁን በሻማ አልሞሉትም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሲቀላ ገበያ እወርዳለሁ። የምገዛው ኖሮኝ ሳይሆን ቤት መዋል አልሆነልኝም። በቅርቡ በሸክላ ተራ ሳልፍ አንዲት ሴት በስሜ ጠራችኝ። በእኔ ፊት ብዙም የተለወጠ ነገር የለም መሰል፤ እሷን ግን እስክትነግረኝ አላወቅኳትም። አስቴር ነበረች። ድስትና ገንቦ ዘርግታ ትሸጣለች። በጋሞኛ ተጨዋወትን፣ ያ ወታደሩ አባት ደህና ናቸው ወይ አለችኝ። ሞተዋል ስላት ራሷን ነቀነቀች።

«ነፍሳቸውን ይማር። ለእኔ ጥፋት የተንበረከኩ ሰው ናቸው። ደህና እንዲሆኑ በየጊዜው ሻማ አበራላቸው ነበር።»

ምን ጥፋት አልኳት። ገርሟት አየችኝ። ያኔ ነገርኳት፤ ሣሩን፣ ጉሙን፣ ሙቅ ትንፋሹን፣ የአቶ ኦይቻ ልጅ የነፋው ሁለተኛው ክላርኔትም በሳምንቱ መሰንጠቁን፣ ጋሽ ደምሴ ያሉት ምልጃ ሳይሆን እውነት መሆኑን። ስጨርስ ከፊቷ አንድ ድስት አነሣችና በጣቷ መገጣጠሚያ አንኳኳችው፤ ገዢ ፊት ሸክላ ሠሪዎች እንደሚያደርጉት። ደህና ጮኸ፤ ስንጥቅ የለበትም።

«በደንብ ያልደረቀ ሸክላ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል» አለች። «በየሳምንቱ ነው የሚሰነጠቅብኝ። ማን ኃጢአት ሠራ ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።»

ያኔ ማንም አልነገረሽም ወይ አልኳት። ለማን ተነግሮ አለች። እሷ የዚያን ቀን ቤቷ ተደብቃ ነበር፤ የተነገረው ለሽማግሌዎቹ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ለአባቷ ላኩ፣ አባቷ ለእናቷ ነገረ።

«እናቴ ማታ መጥታ ‹ይቅር ብለውሻል፤ ሁለተኛ ግን ከዚያ ሜዳ እንዳትደርሺ› አለችኝ» አለች። «ትምህርት ቤቱ እዚያው ሜዳ ጥግ ነበር።»

አንዲት ገዢ መጥታ ድስቱ ስንት ነው አለቻት። አስቴር ዞረችና ዋጋውን ነገረቻት።